ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ያስቆረጠው ተማም

ተማም የታመመ መኪና የሚለየው በጆሮው ነበር። የሽመናው አዳራሽ በር ላይ ይቆማል፤ አርባ መኪና በአንድ ላይ ሲንጓጓ፣ ሰው የገዛ ድምፁን በማይሰማበት በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ያዳምጥና «አሥራ ሰባት ቁጥርን እዩዋት፣ እያቃሰተች ነው» ይላል። ሄደው ሲያዩዋት በግራ በኩል ብሎኗ ላልቶ ያገኟታል። ይህን ማንም አላስተማረውም። ከመልካ ጀብዱ መጥቶ ወለል ጠራጊ ሆኖ ነው የገባው። የዚያን ጊዜው ባለቤት አንድ ቁጡ የውጭ ሰው ነበር፤ ጠራጊ መኪና ሲነካ ካየ በእርግጫ ነው የሚለው። ተማም እየተረገጠ ተማረ፤ ባለቤቱ አርጅቶ መርገጥ ሲያቅተው ዋና መካኒክ አደረገው።

አብዮቱ ፈነዳ፣ ባለቤቱ አገር ለቆ ሄደ፣ ፋብሪካው ተወረሰ። በተወረሰ ሰሞን ንብረቱ ይቆጠር ሲባል ሠራተኛው ተማምን መረጠ። ሦስት ቀን ከአዳራሹ ሳይወጣ ከመኪናው እስከ መርፌው ቆጠረ። ከዚያ በኋላ አንድ ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ አልወጣም፦ እዚህ ግቢ ውስጥ ያለች ብሎን ሁሉ የሕዝብ ናት፤ የሕዝብ የሆነ ደግሞ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ዕቃ ለእርሱ የተሰረቀ ዕቃ ነው። ሰዎች በዚህ ይቀልዱበት ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አገር ፈልጋ የማታገኘው ነው፤ ስታገኘው ያደረገችውን ደግሞ ይኸው ስሙት።

ፋብሪካው የሚሠራው ሽርጥ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት እቤቱ በሱሪ የሚቀመጥ ወንድ የለም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የባቡር ሠራተኛውም ነጋዴውም ደጁን ሲረግጥ ሱሪውን አውልቆ ሽርጡን ይታጠቃል። ስለዚህ ገበያ አልጠፋም። የጠፋው ሽርጡ ነው። ከሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ወዲህ የድሬ ወንድ የገዛ ከተማውን ሽርጥ ትቶ ከጂቡቲ በባቡር ተደብቆ የሚገባውን መታጠቅ ጀመረ፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ራሱ ሳይቀር። ምክንያቱም የራሳቸው አዳራሽ ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ ነበር።

ሽባ ያደረገው አንድ የጨቅላ ቡጢ የሚያህል ቁራጭ ነው። ፒከር ይሉታል። እያንዳንዱ መኪና ግራና ቀኝ ሁለት አለው፤ ሥራው መወርወሪያዋን እየመታ ከዳር ዳር መላክ ነው። ፒከር ከሌለ መወርወሪያ አትሄድም፤ መወርወሪያ ካልሄደች ማግ ከድር አይገናኝም። ፒከር የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ ከባሕር ማዶ ዕቃ ለማምጣት ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ምንዛሪ የሚሰጠው ባንኩ ነው፤ ባንኩ ደግሞ «የለም» ይላል። ዶላር በባንኩ ዋጋ ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ነበር። ርካሽ ነው፤ ግን የለም። የሌለ ነገር ቢረክስ ለማን ይጠቅማል? ለጥይት የሚሆን ምንዛሪ ጠፍቶ አያውቅም፤ ለፒከር ጠፋ።

ተማም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የግመል አንገት ቆዳ ገዝቶ፣ ሰሊጥ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ቀርጾ ፒከር ሠራ። ሳምንት ይሠራና ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ መወርወሪያዋን እንደ ጥይት ይተፋታል። አንዲት ሴት የፊት ጥርሶቿን ካጣች በኋላ ያም ቀረ። ከአርባው መኪና ሃያ አራቱ ቆሙ። ያን ጊዜ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፦ እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ከግማሽ በላይ መኪና ካልተንቀሳቀሰ አዳራሹ ይዘጋል፤ ሃምሳ ሁለቱ ሸማኔ ሴቶች ይሰናበታሉ። ደብዳቤው «ፒከር እንልካለን» የሚል አንድ ቃል አልነበረውም።

በዚያው ሳምንት፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ሠራተኛው ለውይይት ክበብ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ አየነው ስለ ውጭ ምንዛሪ የወጣውን ሕግ ሊያብራሩ ነበር። ጓድ አየነው ከአዲስ አበባ የተመደቡ ሰው ናቸው፤ ድሬ ከገቡ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የድሬ ሰው ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉን «አንተ» ማለቱን እስካሁን አልለመዱትም።

«የውጭ ገንዘብ ያለ ፈቃድ የያዘ፣ የገዛ፣ የሸጠ ሁሉ» አሉ ወረቀቱን ከፍ አድርገው፣ «የአገር ውስጥ ኢንዱስትሪን እንደወጋ ነው የሚታየው። ጓዶች፣ ሕጉ የወጣው ለእናንተ ሥራ ነው። ጥቁር ገበያው ምንዛሪውን ካልመጠጠው፣ ምንዛሪው ለፋብሪካዎች ይውላል።»

የሠላሳ አንድ ቁጥር ሸማኔዋ ትርንጎ ከኋላ ተነሣች። ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት።

«አየነው፣ ለኛ ከሆነ የኛ ድርሻ የት አለ?»

«ጥያቄያችን በሂደት ላይ ነው።»

«ስንት ዓመቱ ነው ሂደቱ? ልጅ ቢሆን ይሄኔ አራተኛ ክፍል ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ተንቀሳቀሰ። ጓድ አየነው ወረቀታቸውን አስተካከሉ። ያልሳቀ አንድ ሰው ቢኖር ተማም ነው። ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጎልማሶች ትምህርት ላይ በለመዳት ጎርበጥባጣ ጽሕፈት «ምንዛሪ ለፋብሪካ ይውላል» ብሎ እየጻፈ ነበር። ጽፎም ከሥሩ አሠመረበት። ያንን አምኖ ወጣ። ሕግ የሚያነቡለት ሰዎች የሚያነቡትን እንደማያምኑበት አላወቀም።

በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ሄዶ ፋዱማን ፈለጋት። ፋዱማ በሳምንት ሁለት ጊዜ በባቡር ጂቡቲ የምትመላለስ፣ ፈታሽ ሲመጣ ሦስት ቀሚስ ደርባ እንደ እርጉዝ የምትቀመጥ ነጋዴ ናት።

«ወርያ ተማም፣ ሽርጥ ልስጥህ? ያንተ ያንተ የሚል አለኝ።»

አሮጌ ፒከር ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት። አገላብጣ አየችው።

«ምንድነው ይሄ፣ የጅብ ጥርስ?»

«አርባ ስምንት እፈልጋለሁ። ከኒሎን የተሠራውን። ወደብ አካባቢ የመኪና ዕቃ የሚሸጡ የመኖች አሉ፤ እነሱ ያስመጣሉ።»

«ለምንድነው የሚሆነው?»

«ሽርጥ ለመሥራት።»

ፋዱማ ጎኗ ያለችውን ነጋዴ ነካ አድርጋ በሶማልኛ ነገረቻት፤ ሁለቱም ዓይናቸው እስኪያለቅስ ሳቁ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ‹ሽርጥ አምጪልኝ› ሲሉኝ ኖርኩ፤ ‹ሽርጥ የሚሠራበትን አምጪልኝ› ያለኝ አንተ ነህ። እናንተ ከሠራችሁ እኔ ለማን ልሸጥ ነው?»

«አንቺ ሩዝ ሽጪ።»

«ወላሂ፣ ልቤን በላኸው። አመጣልሃለሁ። ግን ፍራንክ አምጣ። ብርህን እዚያ ፍየል እንኳ አትበላውም።»

የፍራንኩ ነገር እንዲህ ሆነ። ሸማኔዎቹ ዕቁብ ነበራቸው፤ የዚያ ወር ዕጣ የወጣው ለትርንጎ ነው። ክረምት ሳይገባ የሚያፈሰውን የጣሪያዋን ቆርቆሮ ልትለውጥበት አስባ ነበር። ተማም ምንም ሳይጠይቃት፣ ወሬውን ሰምታ፣ ዕጣውን በነጠላዋ ጫፍ እንደቋጠረችው አምጥታ መሣሪያ ሣጥኑ ላይ ጣለችለት። «ደመወዝ ከቀረ ጣሪያ ምን ሊያደርግልኝ ነው? ዝናቡን ቁጭ ብዬ ላየው?» አለችው። ተማም ብሩን ከአንድ የባቡር ሰው ዘንድ በጂቡቲ ፍራንክ ለወጠው። ሕጉ የተጣሰው በዚያች ቅጽበት ነው፤ ሳይሰርቅ፣ ሳያተርፍ፣ የመበለት ጣሪያ ይዞ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ፋዱማ አርባ ስምንቱን ፒከር በሩዝ ጆንያ መሐል ቀብራ አስገባች። ለድካሟ እንኳ ምንም አልወሰደችም፤ «ለቀልዱ ይሁን» አለች።

አሁን እዚህ ላይ ተማም ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። ፒከሮቹን ሌባም ሳያይ ዳኛም ሳይሰማ ይገጥማቸዋል፣ መኪናው ይነሣል፣ ሁሉም አፉን ይይዛል። እርሱ ግን ጆንያውን ተሸክሞ በቀጥታ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄደ።

«ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ቁረጥልኝ» አለው ወልደማርያምን። ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ማለት መንግሥት ንብረት ሲረከብ የሚቆረጥ ደረሰኝ ነው፤ ወልደማርያም ግምጃ ቤት ጠባቂው ነው፤ ሁለቱ ሃያ ዓመት አብረው የሠሩ፣ በየበዓላቸው የሚጠራሩ ናቸው።

ወልደማርያም ጆንያው ውስጥ አየ፤ በሩን ዘጋ።

«ግጠማቸው በቃ። ማን አየህ?»

«ሳይመዘገብ? ነገ አንዱ ሁለቱን አውልቆ ቢሸጥ ምን ብዬ ልጠይቀው ነው?»

«አንተ ሰውዬ ጤና የለህም። እዚህ ላይ ‹ከማን የተረከበ› የሚል መስመር አለ። ምን ልጻፍ?»

«ከሠራተኛው።»

«‹የተገኘበት ሁኔታ›ስ?»

«በፍራንክ የተገዛ።»

ወልደማርያም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ረቡዕ ዕለት ስብሰባው ላይ አልነበርክም?»

«ነበርኩ። ጽፌዋለሁ። ምንዛሪ ለፋብሪካ ይዋል ነው የሚለው። የኔ ምንዛሪ የት ዋለ? ፋብሪካ ላይ።»

«አቦ፣ እሱን ለዳኛ ትነግረዋለህ።»

«ዳኛ ማንበብ አይችልም?»

ወልደማርያም ብዙ ለመነው። ‹በስጦታ› ልበል አለው፤ ‹ከአሮጌ ዕቃ የተገኘ› ልበል አለው። ተማም በሐሰት የተመዘገበ ንብረት አልፈርምም አለ። በመጨረሻ ወልደማርያም እንደተባለው ጻፈ፤ ተማም ፈረመ፤ ቅጂውን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ያን ቀን እንደ እርሱ ደስ ያለው ሰው ድሬ ውስጥ አልነበረም።

ሃያ አራቱ መኪና ተነሣ። አዳራሹ ሰኔን በሙሉ ድምፁ ጨረሰው፤ የመዘጋቱ ነገር ቀረ፤ ፋብሪካው በምርት ውድድር ዋንጫ ወሰደ። ዋንጫውን የተቀበሉት ጓድ አየነው ናቸው። በዚያ ሰሞን በአዳራሹ ሲያልፉ ተማምን ትከሻውን ይዘው ጆሮው ላይ ጎንበስ አሉና «ተአምር ነው የሠራኸው፤ እንዴት እንደሆነ ግን አትንገረኝ» አሉት። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ ሰውዬው ያውቁ ነበር።

ነሐሴ ላይ ተቆጣጣሪ መጣ። የመጣው ለክፋት አይደለም፤ የቆመ ፋብሪካ ያለ መለዋወጫ እንዴት ዋንጫ እንደበላ ገርሞት ነው። ግምጃ ቤት ገብቶ ጥራዙን ገለበጠ፤ ገጹን አገኘው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ዓመት ይፈልገዋል። ሐቀኛን ሰው ለመያዝ ግማሽ ሰዓት በቃው።

ጓድ አየነው ቢሮ ተማምን አቆሙት።

«ይህ ነገር በእርስዎ ዕውቀት ነው የተደረገው?» ብሎ ተቆጣጣሪው ሥራ አስኪያጁን ጠየቃቸው።

ጓድ አየነው ዋንጫው ፊታቸው ተቀምጦ፣ ተማምን ሳያዩት፣ «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አሉ። «እንዲያውም ሕጉን በራሴ አንደበት አስረድቻቸው ነበር። ቃለ ጉባኤ አለ።»

ተማም ፊታቸውን ትኩር ብሎ አየ። ሰውዬው ሲያፍሩ ለማየት ጠበቀ። አላፈሩም።

ወኅኒ ቤት ምግብ ይዛ የመጣችው ሚስቱ ቀመሪያ በአጥሩ ቀዳዳ እያየችው «የሰው ባል ሰርቆ ይታሰራል» አለችው። «አንተ አስመዝግበህ ታሰርክ። ሰው ምን አደረገ ሲለኝ ምን ልበል?» ማልቀሷን ሰምቶ «የፈረምኩት እውነት ነው» ብቻ አለ።

ዳኛው ፊት ሲቀርብ ከደረት ኪሱ ያችን ቅጂ አውጥቶ፣ ያድነኛል ብሎ፣ በሁለት እጁ ሰጠ። ዐቃቤ ሕጉ አመስግኖ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ሌላ ምስክር አላስፈለገም።

«ፍራንኩን ከማን ገዛህ?» አለው ዳኛው።

«ከሰው።»

«ስሙ?»

«ስሙን አልጠየቅኩትም።»

«ዕቃውንስ ማን አመጣልህ?»

«ባቡር።»

«በፍርድ ቤት ታሾፋለህ?»

«አላሾፍም። በባቡር ነው የመጣው። ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሕጉ የወጣው ፋብሪካ እንዳይዘጋ ነው ብለውናል። ፋብሪካው እንዳይዘጋ ነው ያደረግኩት። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እዚህ የሚጠይቀው ፍርድ ቤቱ ነው» አለና መነጽሩን መልሶ አደረገ። ሦስት ዓመት ፈረደበት። ያለ ፈቃድ በተገኘ ምንዛሪ የተገዛው ዕቃም ለመንግሥት ውርስ ይሁን አለ። የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ፣ በመንግሥት መኪና ላይ የተገጠመ፣ በመንግሥት ደረሰኝ የተመዘገበ ዕቃ ለመንግሥት ይወረስ ተባለ። ይህን የጻፈ እጅ አለመድረቁ ይገርማል።

ሊወርሱ የመጡት አንድ መቶ አለቃና ሁለት ፖሊሶች ናቸው። መዶሻ ይዘው ገቡ። የመጀመሪያውን መኪና ሲነኩ ፒከሩም፣ ፒከሩን የያዘው ክንድም ተሰበረ። ሁለተኛው ላይ የአንዱ ፖሊስ ጣት ተቀረጠፈ። ከግቢው ሰው እናውቅበታለን ያለ አልተገኘም፤ የሚያውቁትም ሁሉ በድንገት አላዋቂ ሆኑ። መቶ አለቃው ቢጨንቀው ተማምን ከወኅኒ በካቴና አስመጣው።

ተማም በሩ ላይ ቆመ። አዳራሹ ጸጥ ብሏል፤ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው መኪናቸው አጠገብ ቆመዋል። የተሰበረውን ክንድ አየ። ወደ መቶ አለቃው ዞሮ «መዶሻውን አስቀምጡ» አለ። «እኔ እፈታዋለሁ። መኪናውን ግን አትንኩብኝ።»

ካቴናውን ከአንድ እጁ ፈቱለት። ካቴናው ሌላኛው እጁ ላይ እየተንጠለጠለ ይሠራ ጀመር። አንድ ብሎን ሲፈታ ካቴናው ብረቱን እየመታ ይጮኻል። ፒከሩን ያወጣል፣ በጥጥ ይጠርጋል፣ ጆንያው ውስጥ ያኖራል፣ ብሎኑን መልሶ ያስራል። ወልደማርያም ጥግ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ጓድ አየነው ያን ቀን ለስብሰባ ወጣ ብለዋል ተባለ።

ሠላሳ አንድ ቁጥር የመጨረሻዋ ነበረች። ትርንጎ ከመኪናዋ ፊት አልነቃነቅ አለች።

«ዞር በይ» አላት መቶ አለቃው።

«ሽርጡ አላለቀም። ሁለት ክንድ ቀርቶኛል።»

«ትእዛዝ ነው።»

«ትእዛዝህ ግማሽ ሽርጥ ይላል? ግማሽ ሽርጥ ማን ይታጠቀዋል፣ አንተ?»

መቶ አለቃው ሴቶቹን አየ፤ ሃምሳ ሁለት ሴት ነው የሚያየው። ሰዓቱን ተመለከተ። «ጨርሺ» አለ።

ትርንጎ መኪናዋን አስነሣች። ሌላው መኪና ሁሉ በቆመበት በዚያ አዳራሽ አንዲት መኪና ብቻዋን ስትመታ ምን ያህል ትንሽ ድምፅ እንዳላት እስከዚያን ቀን ማንም አያውቅም ነበር። ተማም ከልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። እንከን አልነበራትም። ሽርጡ አለቀ፣ ትርንጎ ማጥፊያውን ተጫነች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ተማም ቀረብ ብሎ ሁለቱን ፒከሮች አወጣ፤ ከዚያ እጁን ራሱ ለካቴናው ዘረጋ።

አዳራሹ በመስከረም ተዘጋ፤ ሴቶቹ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ተሰናበቱ። ደብዳቤው ላይ የፈረሙት ጓድ አየነው ናቸው፤ ምክንያቱ «የመለዋወጫ እጥረት» ነው ይላል። የተወረሱት ፒከሮች ከነጆንያቸው በአንድ ግምጃ ቤት ተቆልፎባቸው ቀሩ። ለሌላ ሥራ አይሆኑም፤ ለሽመና ብቻ ነው የተሠሩት። የኮንትሮባንዱ ሽርጥ ግን ምን ሆነ? ያለ ተቀናቃኝ ነገሠ። ሕግ መውጣቱን እንጂ ማንን እንደመታ ማን ይጠይቃል? አውጪዎቹ ሽርጥ አይታጠቁም።

ተማም ሦስቱን ዓመት ጨርሶ ወጣ። ጥቁር ጢሙ ነጭ ሆኗል። አንድ ጠዋት ቀፊራ ሲያልፍ ትርንጎን አያት፤ መሬት ላይ ሸራ ዘርግታ ሽርጥ ትሸጣለች። ከፋዱማ በዱቤ ነው የምትወስደው። የእሷ መደዳ ላይ ሌሎች አምስት ስድስት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ ሁሉንም ያውቃቸዋል፤ የመኪና ቁጥራቸውን ያውቃል።

ሰላምታው አልቆ፣ የቤተሰብ ደኅንነት ተጠያይቀው ሲያበቁ፣ ተማም ጎንበስ ብሎ አንዱን ሽርጥ አነሣ። ጠርዙን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አድርጎ ሳብ አደረገው።

«ላልቷል» አለ። «በሁለተኛ እጥበት ይተረተራል።»

«አውቃለሁ።»

«ለሚገዛው ሰው ንገሪያ።»

ትርንጎ ሽርጡን ከእጁ ተቀብላ አጣጠፈችው።

«ብነግረው የትኛውን ይገዛል፣ ተማም?»

ተማም ግራና ቀኝ የተዘረጋውን ሸራ ሁሉ ተመለከተ፤ ከዳር እስከ ዳር የባሕር ማዶ ነው። የሚያሳያት አንድም የድሬ ሽርጥ አጣ።